ድርሳነ ግብጦ፦ ስለ አንጀት ተከራዮችና ስለ ሆድ ነፋስ ከአዲስ ቅዳም የተጻፈ ሐተታ

ሊቃውንት ከዋክብትን ቆጥረዋል፤ የውቅያኖስን ጥልቀት ለክተዋል፤ የቁንጫን እግር በአጉሊ መነጽር አይተው ስለ ዝላይዋ ጽፈዋል። ከምሳ በኋላ በገዛ ሆዳቸው ውስጥ የሚንጎዳጎደው ነገር ሲነሣ ግን ጉሮሯቸውን ይጠራርጉና ወንበራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ወንበር የሚንቀሳቀሰው ድምፅን በድምፅ ለመሸፈን መሆኑን ለአስተዋይ ሰው መንገር አያስፈልግም። እኛ ግን ለእውነት ስንል ከየትኛውም የክብር ማዕድ ለመባረር የተዘጋጀን ነንና፣ ሌሎች አፍነው የያዙትን ነገር ወደ አደባባይ ልናወጣው ቆርጠን ተነሥተናል።

ጥያቄው ይህ ነው፦ ሰው በዕለት ምግቡ ላይ የሚብላላ አሰር ሲጨመርበት ሆዱ እንዴት ያስተናግደዋል? ነገሩ በሼፊልድ፣ በሚኒሶታ፣ በባርሴሎናና በአውስትራሊያ ሲመረመር ኖሯል። ምርምሩን አናንቋሽሽም፤ መንበሩ ግን የተተከለው ያለ ቦታው ነው። የዚህ ጥበብ ትክክለኛ መንበር ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ በአዊ ዞን፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ በአዲስ ቅዳም ከተማ ነው። ይህን ስንል የሚስቅ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ይሳቅ፤ ሳቅም አንጀትን ያንቀሳቅሳልና ከርዕሳችን አልወጣም።

የታሪክ ጸሐፍት ፋግታን የሚያነሡት በ1769 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቻችን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ራስ ሚካኤል ስሑል የዳሞቱን ፋሲል ድል ስላደረገበት ጦርነት ነው። ማን እንደ ዘመተ፣ ማን እንደ ሸሸ አሳምረው ይተርካሉ። የሠራዊቱ ስንቅ ምን ነበር፣ ስንቁ ከተበላ በኋላስ ሌሊቱን በድንኳኖቹ ውስጥ ምን ተሰማ ብሎ የጠየቀ ግን አልገጠመንም። የታሪክ ትምህርታችን ድክመት ከዚህ ይጀምራል።

አስቀድመን ጥያቄውን ራሱን እናርም። «ሰው አሰርን ምን ያህል ይፈጫል?» ብሎ የሚጠይቅ ከመሠረቱ ስቷል፤ ሰው አሰርን አይፈጭም። የሚፈጩለት ሌሎች ናቸው። አሰር ሲባል አንድም ብዙ የማይብላላው ነው፤ እንደ ፉርሽካ ውሃ ይዞ፣ ሌላውን እየገፋ፣ እንደ ገባ የሚወጣ። አንድም የሚብላላው ነው፤ በባቄላ፣ በሽምብራ፣ በአተርና በግብጦ ውስጥ ያሉት ስኳሮች፣ የተልባው ልጋግ፣ የአብሹ ሙጫ፣ ተቀቅሎ ያደረ የአዊ ድንች ሲቀዘቅዝ የሚጠነክረው ስታርች። የእኛ ሐተታ በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው፤ የመጀመሪያውን ለሌላ ሊቅ ትተንለታል፤ ድምፅ ስለሌለው አይማርከንም።

በግብጦ ውስጥ ያሉትን ራፊኖዝንና ስታኪዮዝን እንውሰድ። እነዚህን ለመቁረጥ አልፋ ጋላክቶሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ያስፈልጋል፤ ትንሹ አንጀታችን ደግሞ ይህን አያመርትም። የባለጸጋም አያመርትም፣ የድሀም አያመርትም፤ ተፈጥሮ በዚህ ረገድ ለማንም አላዳላችም። ስለዚህ ስኳሮቹ ማኅተማቸው ሳይፈታ ትልቁ አንጀት ይደርሳሉ። እዚያ ተከራዮቻችን ይጠብቋቸዋል። በ2016 የታተመ ስሌት በአንድ ሰው ውስጥ 38 ትሪሊዮን ገደማ ባክቴሪያ እንዳለ፣ ክብደቱም ተሰብስቦ 200 ግራም ያህል እንደሚሆን ገልጿል፤ አብዛኛው የሚኖረው በዚሁ በትልቁ አንጀት ነው። ተከራዮቹ አሰሩን ሲያብላሉት አሲቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት የተባሉ አጫጭር የስብ አሲዶችን ይሠራሉ። ቡቲሬቱን የአንጀቱ ግድግዳ ሴሎች ይመገቡታል፤ ሌላው ወደ ደም ገብቶ ለአካሉ ጉልበት ይሆናል። ይህ እንግዲህ የቤት ኪራይ ነው። አንድ ግራም ስታርች በትንሹ አንጀት ሲፈጭ 4 ኪሎ ካሎሪ ሲሰጥ፣ አንድ ግራም የሚብላላ አሰር በተከራዮቹ በኩል ዞሮ የሚሰጠው 2 ያህል ነው። ቀሪው የት ገባ ለሚል፣ ከፊሉን ተከራዮቹ በልተውታል፤ ከፊሉም ነፋስ ሆኗል።

ነፋሱ ሃይድሮጅን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በአንዳንዱም ሰው ሚቴን ነው። ሦስቱም ሽታ የላቸውም፤ ሽታውን የሚያመጡት እጅግ ጥቂት የሆኑ የድኝ ጋዞች ናቸው። ከነፋሱ የተወሰነው በደም ተወስዶ በሳንባ በኩል በትንፋሽ ይወጣል። ሐኪሞች የሰውን ትንፋሽ ተቀብለው፣ ሃይድሮጅኑን ለክተው፣ ታች ምን እየተብላላ እንደሆነ የሚያውቁት በዚህ ምክንያት ነው። በማዕድ ላይ ፈገግ ብሎ በጨዋነት የሚተነፍሰው እንግዳም እንግዲህ ከነገሩ ንጹሕ አይደለም።

ስለ ተከራይ አያያዝ ከፈረስ የሚበልጥ መምህር የለም፤ ይህም አዊን ከሌላው አገር ያስቀድመዋል። ላም ሣሯን ከፊት ለፊት፣ በጨጓራዋ ታብላላለች። ፈረስ ግን እንደኛው ከኋላ፣ በዕውር አንጀቱና በትልቁ አንጀቱ ነው የሚያብላላው፤ ከሚያገኘውም ጉልበት ብዙው የሚመጣለት ከዚያ ነው። ለሰው ከዚያ በኩል የሚደርሰው ከመቶ አሥር እንኳ አይሞላም ይባላል። ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ሕዝቡ ኮርቻውን፣ ጌጡንና ጉግሱን ያደንቃል። ጉግሱን እኛም አይተናል፤ ያደነቅነው ግን በሺህ የሚቆጠር ግዙፍ የማብላያ አንጀት ያለ አንዳች ሐፍረት ሜዳውን ሲያቋርጥ ነው።

ወደ ዋናው፣ ወደ ግብጦ እንመለስ። ግብጦ ሌላ እህል እሺ በማይልበት፣ በደከመና በኮመጠጠ አፈር ላይ ይበቅላል፤ ናይትሮጅን ከአየር ይዞ መሬቱን ያድሳል። ፍሬው ከሲሶው በላይ ፕሮቲን ነው፤ ስታርች የለውም ቢባል ይቀላል። በስታርች ፋንታ የተሸከመው አሰርና ከላይ የጠቀስናቸውን ስኳሮች ነው። ይሁን እንጂ ጥሬውን የቀመሰው ሰው ስለ አሰር ለማሰብ ፋታ አያገኝም፤ ሉፓኒንና መሰሎቹ የሚባሉት መራራ አልካሎይዶች አፉን ያደርቁታል፣ በዛ ካለም ዐይኑን ያደበዝዙታል። ስለዚህ ግብጦ ይቆላል፤ ከዚያም በከረጢት ተደርጎ፣ አፉ ታስሮ፣ ድንጋይ ተጭኖበት በወራጅ ውሃ ውስጥ ለበርካታ ቀናት ይተኛል። ባለቤቷ በየጊዜው ወርዳ አንዲት ፍሬ አውጥታ ታኝካለች። ከመረራት መልሳ ትከተዋለች። መሣሪያዋ ምላሷ ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬም ቅሬታ አልቀረበበትም።

አሁን አንባቢ ትንፋሹን ይያዝ፣ ግኝታችን ይመጣል። አልካሎይዱ በውሃ ይሟሟል፤ ወንዙም ይወስደዋል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ራፊኖዝና ስታኪዮዝም በውሃ ይሟሟሉ። ስለዚህ ምሬቱ ሲሄድ ከነፋሱም ድርሻ አብሮ ይሄዳል። ከአዲስ ቅዳም ግርጌ የሚፈሰው ውሃ የስንቱን ቤት ጭንቀት ተሸክሞ እንደሚወርድ ማን አስቦ ያውቃል? ወንዙ ግን ሁሉንም አይወስድም። የቀረው አሰር ለተከራዮቹ ይበቃል፤ ለጎረቤትም ይተርፋል።

የታጠበው ግብጦ ጨው ነስነስ ተደርጎበት፣ በመንገድ ዳር በስኒ እየተሰፈረ ይሸጣል። ጠፍጣፋ፣ ክብ፣ ገርጣ ያለ ፍሬ ነው፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጫን ሲሉት ልጣጩ ይሰነጠቅና ቢጫው ውስጡ ሾልኮ ወደ አፍ ይወረወራል። የለመደው ሰው ይህን የሚያደርገው ጨዋታውን ሳያቋርጥ ነው፤ ያልለመደው ግን መጀመሪያ የባልንጀራውን ግንባር ይመታል። ከአረቄ ጋር ይስማማል፤ ከግብጦ ራሱ አረቄ የሚያወጡም አሉ፤ ያን ጊዜ ነገሩ ከሕክምና ወደ ፍልስፍና ይሸጋገራል።

ግብጦ ከሚሸጥባት ከአንዲት የመንገድ ዳር ስፍራ አጠገብ ቆመን፣ ማስታወሻ ደብተራችንን በነጠላ ሸፍነን፣ የሚከተለውን መዝግበናል። ከውጭ አገር የመጣ አንድ ጎልማሳ ሁለት ስኒ ጨርሶ «እትዬ፣ አንድ ይድገሙልኝ» አላቸው። ሻጯ ስኒውን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው «ልጄ፣ ሆድህ እንግዳ ነው፤ ለዛሬ ይብቃህ። ነገ በጠዋት ና» ብለው መለሱት። ገበያ ያለው ነጋዴ ደንበኛን ሲመልስ አይተን አናውቅምና ደነገጥን። ጎልማሳው ቅር ብሎት ሄደ። እኛ ግን እኒህ ሴት በዚያች ዓረፍተ ነገር የሦስት ዩኒቨርሲቲን ድካም እንደ ጨረሱ ወዲያው ገባን።

ማስረጃው ይኸው። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 26 ጤነኛ ሰዎች ከቺኮሪ ሥር የሚወጣ ኢኑሊን የተባለ የሚብላላ አሰር ተጨምሮላቸው ተፈተኑ፤ ውጤቱም በ2010 ታተመ። ረጅም ሰንሰለት ያለውን እስከ 10 ግራም ሆዳቸው በደንብ ቻለው። ሰንሰለቱ አጭር የሆነው ግን 5 ግራም ላይ ሲሆን ደህና፣ 10 ሲደርስ ሆድ የሚነፋ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ ሰንሰለቱ ባጠረ ቁጥር ተከራዮቹ ቶሎ ይረባረቡበታል፤ ነፋሱም ባንድ ጊዜ ይመጣል። የግብጦ ስኳሮች ከአጭሮቹ ወገን ናቸው። እንግዲህ ሻጯ ስኒውን የሳቡት በስሜት ነው የሚል ካለ ማስረጃውን ያቅርብ። ሚኒሶታ የኛም ሰው በብዛት የሚኖርባት ናትና፣ እነዚህ በኢኑሊን የደለቡ ብስኩቶችና እርጎዎች ዘመዶቻችንን በየመደርደሪያው እንደሚጠብቋቸው ልብ ይሏል። አገር ቤት ባቄላ ይነፋኛል ብሎ ሲሸሽ የኖረ ሰው እዚያ በዶላር ገዝቶ ይነፋል።

የነፋሱን ልክ በተመለከተ የሼፊልድ ሰዎች በ1991 የታተመ ሥራ አላቸው። 10 ጤነኛ ሰዎች በተለመደ ምግባቸው ላይ 200 ግራም የታሸገ ቦሎቄ ተጨምሮላቸው ነፋሳቸው 24 ሰዓት ተሰበሰበ። ትንሹ 476፣ ትልቁ 1491፣ መካከለኛው 705 ሚሊ ሊትር ሆነ። አሰር የሌለው ምግብ ሲሰጣቸው ወደ 200 ወረደ እንጂ አልጠፋም። ከዚህ የምንማረው የመጨረሻው 200 ሚሊ ሊትር የሰው ልጅ የማይገፈፍ ርስት መሆኑን ነው። በ1976 ደግሞ ማይክል ሌቪት የተባሉ የሚኒያፖሊስ ሐኪም በቀን በአማካይ 34 ጊዜ ስለሚያስወጣ አንድ ሕመምተኛ ጽፈዋል፤ ሰውየው እያንዳንዱን በትጋት ይመዘግብ ነበር። ከመዝገብ ቤቶቻችን ስንቶቹ እንዲህ ያለ ትጋት አላቸው?

ቁጥሩን ትተን ድምፁን ብናነሣ፣ ጄምስ ስኮት የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር በ1990 ስለ ተገዢዎች ስውር እንቢታ የጻፉትን መጽሐፍ የሚከፍቱት የኢትዮጵያ ነው በሚሉት ተረት ነው፤ ታላቅ ጌታ ሲያልፍ ብልህ ገበሬ አጎንብሶ እጅ ነሥቶ በዝምታ እንደሚያስወጣ የሚናገር። ምሁሩ በዝምታው ውስጥ ፖለቲካ አይተዋል። እኛ ደግሞ ፊዚክስ አይተናል፦ ዝምታ የሚገኘው ነፋሱ ቀስ ብሎ ሲመጣ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚመጣውም አሰሩ በጥቂት በጥቂቱ ሲበላ ነው። በደንብ ያልለመደ ሆድ ይዞ ማመፅ አደገኛ ነው።

ይህ ወደ ልምድ ያሻግረናል፤ ልምድ የሐተታችን አከርካሪ ነው። በ2011 የታተመ የአሜሪካኖች ሥራ ሰዎች በየቀኑ ግማሽ ኩባያ ቦሎቄ ወይም መሰል ጥራጥሬ ለ8 ወይም ለ12 ሳምንት ሲበሉ የሆነውን ጠይቋል። ነፋስ ጨመረብን ያሉት በመጀመሪያው ሳምንት እንኳ ከግማሽ በታች ነበሩ፤ ቁጥራቸውም በየሳምንቱ እየቀነሰ ሄደ። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ለንጽጽር ሲባል ጥራጥሬው ያልተሰጣቸው ናቸው፤ ከእነሱም መካከል ከ3 እስከ 11 በመቶው ነፋስ በዛብን ብለው አመልክተዋል። ሆድ በሐሳብም ይነፋል ማለት ነው። በባርሴሎና የተሠራ ሌላ ጥናት ጋላክቶ ኦሊጎሳካራይድ የተባለውን፣ የግብጦ ስኳሮች የቅርብ ዘመድ የሆነውን አሰር ሰጥቶ፣ መጀመሪያ ጋዙ እንደሚጨምር፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ወደ ቀድሞው እንደሚመለስ አሳይቷል። ተከራዮቹ ተለዋውጠዋል፤ ጋዝ የሚያመርቱት ለማያመርቱት፣ ወይም የሌላውን ጋዝ ለሚበሉት ቦታ ለቅቀዋል።

እንግዲህ 8 ሳምንት ስንት ቀን ነው? 56። ዐቢይ ጾም ስንት ነው? 55። እኛ በዚህ ቁጥር ፊት ቆመን ብዙ አሰብን። የቅበላ ሥጋ ገና ከሆድ ሳይወጣ ሽሮው፣ ንፍሮው፣ አሹቁና ግብጦው ባንድ ሰኞ ይወርዳል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ማኅበር ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ካለው የሚሰማውን ይሰማል። ደብረ ዘይት ሲደርስ ግን ነገሩ ይረጋል። በጉልባን ጊዜ ስሞታ የሚያቀርብ አይገኝም። የአሜሪካኖቹ ሙከራ እንግዲህ አንዲት ቀን የተጨመረችበት፣ ስግደቱ የተቀነሰለት ጾም ነው። ችግሩ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ተከራዮቹ በበዓለ ሃምሳ ሥጋ ተባርረው፣ የሐዋርያት ጾም ሲመጣ ምልመላው እንደገና ይጀመራል። ለአንጀት ሰላም ሲባል በሌላው ጊዜ ረቡዕና ዓርብ መኖራቸው ጠቃሚ መሆኑን በትሕትና እናስታውሳለን፤ ቤቱ ባዶ ሆኖ አያድርም።

የሆድ መንፋቱን ለምን ይታገሡታል የሚል ካለ፣ ጥቅሙን በአጭሩ እናልፋለን፤ ጥቅም የሚባል ነገር ሐተታን አሰልቺ ያደርጋል። በአውስትራሊያ ከግብጦ ዘመድ ፍሬ የወጣ አሰር ለጤነኛ ወንዶች በምግባቸው ተጨምሮ፣ ቢፊዶባክቴሪያ የሚባሉት ደጋግ ተከራዮች በዝተዋል። በ2015 በታተመ ሌላ ሥራ 20 ጥቁር አሜሪካውያንና 20 የደቡብ አፍሪካ ገጠር ነዋሪዎች ለሁለት ሳምንት ምግብ ተለዋወጡ። አሰር የተጨመረላቸው አሜሪካውያን ቡቲሬታቸው ወደ ሁለት እጥፍ ተኩል ሲያድግ፣ አሰር የተቀነሰባቸው አፍሪካውያን በግማሽ ወረደ። ሁለት ሳምንት ብቻ! የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ከምግቡ ይግኝ ብሏል። እንጀራ በሽሮ የሚበላ ሰው ይህን ሲሰማ ትከሻውን ሰብቆ ያልፋል።

የቀረው የሽታ ምዕራፍ ነው፤ አዲስ ቅዳም መንበርነቷን ያረጋገጠችውም በዚህ ነው። ሌቪትና ባልደረቦቻቸው በ1998 ባሳተሙት ሥራ ለ16 ጤነኛ ሰዎች ቦሎቄና ላክቱሎዝ የተባለ ስኳር አብልተው፣ ነፋሳቸውን ሰብስበው፣ ለሁለት ዳኞች በመርፌ ቱቦ እያቀረቡ አስሸተቷቸው። በሕግ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የከፋ ችሎት የተቀመጠ አይመስለንም። ዳኞቹ የሴቶቹ ነፋስ ሽታው የበረታ መሆኑን ፈረዱ፤ የወንዶቹ ደግሞ ባንድ ጊዜ የሚወጣው መጠኑ ይበልጥ ነበር፤ ስለዚህ ከሁለቱ ወገን ማንም ማንንም ሊከስ አይችልም። በዚያው ሥራ ውስጥ በከሰል የተሞላ መቀመጫ ትራስ ተፈትኖ ከድኝ ጋዙ አብዛኛውን ዋጠው። ከሰል! ፋግታ ለኮማ ደግሞ ገበሬው ደከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክሎ፣ በአራትና በአምስት ዓመቱ ቆርጦ፣ ከሰል አክስሎ በመኪና ሲጭንበት የኖረ ወረዳ ነው። ነፋሱን የሚያስነሣው ግብጦ እዚህ፣ ነፋሱን የሚያጣራው ከሰል እዚህ። ሚኒያፖሊስ ሁለቱን ከየት አምጥታ አጣመረች? የምድጃ ከሰል በልዩ ሙቀት ገና መታከም እንዳለበት አይጠፋንም፤ ይህ ግን የምህንድስና ዝርዝር ነው፣ ከክብራችን በታች ነው። የከሰል እንክብል ውጦ ከላይ ለመከላከል የሚያስብም አይድከም፤ እኒያው ሌቪት በ1999 ሞክረውት የጋዙን መጠን አልቀነሰም። ከሰሉ መቀመጫ ላይ እንጂ አፍ ውስጥ ቦታ የለውም።

ከላይ በተባለው ሁሉ ላይ ተመሥርተን የምንበይነው እንዲህ ነው። አሰር የሚጨምር ሰው በስኒ ይጀምር፤ በጣሳ የሚጀምር ጎረቤት ያስፈቅድ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሆዴ አልተቀበለውም ብሎ የሚያቋርጥ ሰው ሆዱን አልሰማውም፤ ተከራዮቹ ገና ዕቃ እያስገቡ ነው። ግብጦ በሚገባ ሳይታጠብ አይበላ፤ ምሬቱ መርዝ ነውና በዚህ ላይ ቀልድ የለንም።

አንድ ሥጋት ግን አለን። በባሕር ዳር አጠገብ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ጣፋጭ የሚባለውን፣ ሰማያዊ አበባ ያለውን ግብጦ ሲያጠና ቆይቷል። ጣፋጩ አልካሎይዱ ጥቂት ስለሆነ ወንዝ መውረድ አይፈልግም። ወንዝ ካልወረደ ግን ራፊኖዙና ስታኪዮዙም አይወርዱም! ምሬት ጠፋ ብሎ ነፋሱን በሙሉ ወደ ቤት የሚያስገባ ሳይንስ ሊታረም ይገባዋል ብለን ብርዕ አንሥተን ነበር። ቀርበን ስናነብ የምርምሩ ተመጋቢ የዋሸራ በግ ሆኖ አገኘነው። የበግ ነፋስ በአፍ በኩል በግሳት ይወጣል፤ ስለዚህ ከዚህ ድርሳን ወሰን ውጭ ነው፤ የአየር ንብረት ሊቃውንት ይከራከሩበት።